ወርቁን ለተመልካች መተው
የእንስሳት ተረት በአማተር ቴአትር

የበዓል መድረክ ለአማተር የቴአትር ቡድን የፈተና ስፍራ ነው። ተመልካቹ የሚመጣው ለመደሰት እንጂ ለመመከር አይደለም፤ ቡድኑ ግን ሁለቱንም ለመፈጸም ይሻል። ስለዚህም የእንስሳት ተረት ይመረጣል፤ ሕፃኑን ያስቃል፣ አዋቂውን ያሳስባል። ችግሩ በምርጫው ሳይሆን በአቀራረቡ ላይ ነው።

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር ራሱ የተወለደው በእንስሳት ተረት ነው። በሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ ከፈረንሳዊው ላ ፎንቴን ተረቶች ተነሥተው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ደረሱ፤ በአዲስ አበባ ቴራስ ሆቴልም በመኳንንቱ ፊት ቀረበ። በዘመኑ ትወናን ሙያው ያደረገ ሰው ስላልነበረ ተዋንያኑ አማተሮች ነበሩ። ድርሰቱ ተረትን ከተረት የሚያያይዝ እንጂ በአንድ ግጭት ዙሪያ የሚያድግ ባለመሆኑ በቅርፁ ደካማ ሊባል ይችላል። በይዘቱ ግን ዒላማውን አልሳተም። በአውሬዎቹ አንደበት የተነካው የአስተዳደር ብልሹነት ለተመልካቹ ግልጽ ነበርና በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። እገዳው ለአንድ ነገር ምስክር ነው፤ ተመልካች ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ለማግኘት አስተርጓሚ አያሻውም።

ይህ ትምህርት ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ከያንያን ቅርብ ነው። አገሩ ጆሮው የሠለጠነ ነው፤ ቤተልሔም በድጓ፣ ዙር አባ በዝማሬና መዋሥዕት ምስክርነት የታወቁት በጋይንት ነው። ገበሬውም በሠርግና በለቅሶ ግጥም ኅብረ ቃል ሲፈታ ያደገ ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በየቀበሌው በተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች ብዙ ሥራዎች ውስጥ ግን ጨዋታው በመፈክር የሚደመደምበት አሠራር ተለምዶ ነበር። ጉዳቱን በአንድ ምሳሌ መመርመር ይቻላል።

በሕዝባችን ተረት አራዊቱ ጥፋታቸውን ተራ በተራ ይናዘዛሉ። አንበሳ፣ ነብርና ጅብ በሬና ፍየል መብላታቸውን ሲናገሩ እርስ በርሳቸው ይቅር ይባባላሉ። በመንገድ ዳር ጥቂት ሣር የነጨችው አህያ ግን የመከራው ሁሉ ምንጭ ተብላ ይፈረድባታል፤ ሦስቱ ተባብረው ይበሏታል። ላ ፎንቴንም ተመሳሳይ ተረት አለው።

ይህ ተረት ያለ አንድ ቃል፣ በእንቅስቃሴ ብቻ ሊቀርብ ይችላል። በገበያ ሜዳ ላይ፣ ይልቁንም ስሟ ራሱ ስለ ነፋስ በሚናገረው በነፋስ መውጫ፣ ቃል ሳይሰማ ይቀራል፤ እንቅስቃሴ ግን ከሩቅ ይታያል። ወገቡን ሰበር አድርጎ እያነከሰ የሚሄድ፣ በጎን የሚያይ ተዋናይ ከማናቸውም የወረቀት ጭምብል ይልቅ ጅብ ይሆናል። ለአንበሳው ጎፈር ጋቢ ይበቃል። አህያዋ ከሁሉ ትከብዳለች፤ አህያ ሲነዳ ያደገ ልጅ የጆሮዋን አኳኋን ስለሚያውቅ ሐሰተኛ ትወናን አይምርም። የአማተር ተዋናይ ጥናት እንግዲህ ከመድረክ በፊት በመስክ ይጀምራል።

የቡድኑ ብስለት የሚለካው በመጨረሻው ደቂቃ ነው። አህያዋ ከተበላች በኋላ አንድ ተናጋሪ ወጥቶ ትርጉሙን ቢያውጅ ተረቱ ከእርሷ ጋር ይሞታል። ትርጉም የሚታወጀው ሕዝቡ አይገባውም ተብሎ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ ሌላ ነገር እንዳይገባው ነው። ጭቁንን የደገፈ የሚመስል መፈክር የአንበሳውን ማንነት አስቀድሞ ወስኖ ለተመልካቹ ይሰጠዋል፤ ተመልካቹም በአቅራቢያው ያለውን አንበሳ መፈለግ ይተዋል።

የቡድን መሪዎችና መምህራን ይህን ፍርሃት ማስወገድ ይገባቸዋል። አራዊቱ አፋቸውን ጠርገው፣ እጅ ነሥተው በጸጥታ ይቀመጡ፤ ጨዋታውም በዚያው ያብቃ። ማን አንበሳ፣ ማን አህያ እንደ ሆነ ተመልካቹ ወደ ቤቱ ሲመለስ በመንገድ ይጨርሰው።