ጓሮ የሚጠብቅ ዓይን

ራስፕቤሪ ፓይ ዜሮ ደብልዩ የምትባለው ኮምፒውተር ርዝመቷ 65፣ ወርዷ 30 ሚሊ ሜትር ነው፤ መዳፍ ላይ ተቀምጣ ቦታ ይተርፋል። በ2017 እ.ኤ.አ. ለገበያ ስትቀርብ ዋጋዋ 10 ዶላር ነበር። እኔ ከሁሉ በላይ የማደንቃት ግን ከቤት ውጭ በምትሠራው ሥራ ነው።

የለንደኑ ጎልድስሚዝስ እና የሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ተመራማሪዎች ማይ ኔቸርዋች የተባለውንና በዚህችው ኮምፒውተር የሚሠራውን ካሜራ የነደፉት ማንም ሰው በቤቱ እንዲገጣጥመው ብለው ነው። ኮምፒውተሯና ካሜራዋ በቀጭን ሪባን ገመድ ይያያዛሉ፤ ኃይል የሚያገኙት ስልክ ከምንሞላበት ፓወር ባንክ ነው። ቤታቸው ደግሞ ክዳኑ ግጥም የሚል የምግብ ማስቀመጫ ፕላስቲክ ነው፤ ለሌንሱ አንዲት ቀዳዳ ይበሳለታል፣ ዝናብ እንዳያስገባ ዙሪያው ይደፈናል።

ከዚያ በኋላ ሰው ጓሮ አስቀምጦት ዞር ይላል። ኮምፒውተሯ ላይ ያለው ፕሮግራም እያንዳንዱን ምስል ከቀደመው ጋር ያስተያያል፤ ለውጥ ሲያይ ፎቶ አንስቶ ሚሞሪ ካርዱ ላይ ያስቀምጣል። ነፋስ ያወዛወዘው ቅጠልም ያታልለዋልና ከቁጥቋጦ ፊት አለማስቀመጥ ነው ብልሃቱ። ማታ ስልክን ከካሜራው ዋይፋይ ጋር አገናኝቶ የቀኑን ፎቶ ማየት ነው፦ ባዶ ሣር፣ ባዶ ሣር፣ ቅጠል፣ ከዚያ ድንገት ክንፏን የዘረጋች ወፍ።

ወፏ ሰው እንዳያት አታውቅም፤ አልበረገገችም። ፍጥረትን ሳይረብሹ ማየት ትልቅ ጸጋ ነው። ያንን ጸጋ በምግብ ዕቃ ውስጥ አሽጎ ለሁሉም ያደረሰ እጅ ይባረክ።