ቪቪቪቪቪቪ፦ የማይዘለው ካፒቴን

ባለፈው ዓርብ እዚህ ጀበል አል-ሁሴን ቡና ተፈልቶ ሁሉም ሲያወራ እኔ ጥግ ይዤ ስልኬ ላይ አፍጥጬ ነበር። «አንቺ ሴትዮ፣ ጨርሶ ልጅ ሆንሽ እኮ!» አለችኝ አንዷ። ምን ልበላት? አንዲት ክፍል ውስጥ ለመቶኛ ጊዜ መሞቴ ነበር።

የጨዋታው ስም ስድስት የ«ቪ» ፊደል ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ሠሪው ቴሪ ካቫና የሚባል አየርላንዳዊ ነው፤ ብቻውን ያህል ነው የሠራው፣ ሙዚቃውን ግን ማግኑስ ፖልሶን አቀናብሮለታል። እ.አ.አ. በ2010 ለኮምፒውተር ወጣ፣ በ2014 ወደ ስልክ መጣ። ስታዩት ግን በ1980ዎቹ የተሠራ ይመስላችኋል፤ ኮሞዶር 64 የሚባለውን የድሮ ኮምፒውተር ሆን ብሎ አስመስሎ፣ በጥቁር ላይ ጥቂት ደማቅ ቀለም፣ ሰዎቹም ባለ አራት ማዕዘን ጭንቅላት።

ታሪኩ አጭር ነው። ካፒቴን ቪሪዲያን የሚመራት መርከብ ሕዋ ላይ ችግር ይገጥማታል፤ ለማምለጥ ሲሞክሩ ስድስቱ ባልደረቦች ይበታተናሉ። ካፒቴኑ አምስቱን አንድ በአንድ ፈልጎ መመለስ አለበት። ይሄ ነው የያዘኝ። አብረው ተነስተው የተበታተኑ ሰዎችን መፈለግ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልገውም።

አሁን ዋናው ነገር። ማሪዮን የምታውቁ ጨዋታው ሁሉ መዝለል እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቪሪዲያን መዝለል አይችልም። ስክሪኑን ስትነኪው ምድርና ሰማዩ ይገለበጥበታል፤ ጣሪያው ወለል ይሆንለትና ወደ ላይ «ይወድቃል»። አየር ላይ እያለ ደግሞ ሐሳብ መቀየር የለም፤ እግሩ አንድ ነገር እስኪነካ መጠበቅ ነው። እሾህ ከነካው ፊቱ ጭፍግግ ይላል፣ ወዲያው ከቅርቡ ምልክት ላይ ይነሳል። የነፍስ ቁጥር የለም፣ ከመጀመሪያ ጀምሪ የለም። ማዳም ሱቅ ደርሳ እስክትመጣ ባለችው አሥር ደቂቃ የሚጫወቱት ነው።

አንድ ቦታ አለ፣ ያየ አይረሳውም። ከፊትሽ የሚያብረቀርቅ ዕቃ ተቀምጧል፤ መሃል ላይ ያለው አንዲት ትንሽ እርከን ብቻ ናት። ማሪዮ ቢሆን ሆፕ ብሎ ያልፋት ነበር። ቪሪዲያን ግን አይዘልም። ስለዚህ እሾህ በሞላው ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ በርካታ ክፍሎችን ወደ ላይ ወድቆ፣ ጫፍ ላይ ተገልብጦ፣ ያንኑ መንገድ ወደ ታች ተመልሶ፣ ከእርከኗ ወዲያ ማዶ ማረፍ አለበት። አንድ እሾህ ከነካ፣ እንደገና። የመዝለል ጨዋታዎችን በሙሉ የሚያሾፍ ቀልድ ነው፣ እኔም ስቄያለሁ። ግን ሽልማቱ ያቺ አብረቅራቂ ዕቃ ናት፣ ሌላ ምንም። ብትተዪያትም ጨዋታው ያልቃል።

ስልክ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በግራ አውራ ጣት ትሄጃለሽ፣ በቀኝ ትገለብጫለሽ። ስክሪኑ ላይ ጣትሽ የት እንዳለ የሚነግርሽ ቁልፍ የለም፤ በበረኪና የደረቀ ጣት ከሆነ ደግሞ አንዳንዴ ጭራሽ አይሰማም። ካፒቴኑ የሞተው በእኔ ጥፋት ነው ወይስ በስልኩ? እንዲህ በጥቂት እርምጃ ልዩነት ለሚገድል ጨዋታ ይሄ ጥያቄ መነሳት አልነበረበትም። ለሰለቻት ፍጥነቱን የሚቀንስ፣ አልፎም የማይሞቱበት አማራጭ አለ፤ ተጠቀሙበት፣ ማንም አያይም።

እያንዳንዱ ክፍል ከታች ስም አለው፣ አብዛኛው የእንግሊዝኛ ቀልድ ነው። ግማሹን በልጅነት ትምህርቴ ገባኝ፣ ግማሹ አለፈኝ። በ2024 በወጣው ቅጂ ዐረብኛ፣ የዌልስና የአየርላንድ ቋንቋ፣ ኤስፔራንቶ እንኳ ሳይቀር ተጨምሯል። አማርኛ የለም። (የራሳችን ልጆች አዲስ አበባ የሠሩት «ኩኩሉ» ከገበሬው የምታመልጥ ዶሮ ናት፤ እሷን ለመረዳት ትርጉም አላስፈለገኝም።)

ከሁሉም የከፋኝ ግን ሌላ ነው። ባልደረቦቹ ይገኛሉ፣ ከዚያስ? መርከቧ ውስጥ ይቆማሉ። ጠጋ ስትዪ ሁለት ሦስት መስመር ያወራሉ፣ በቃ። ቪክቶሪያ የምትባለዋ ሰማያዊ፣ የምታዝነዋ፣ ብቻዋን እያለች ምን እንደሆነች በደንብ አትናገርም፤ የጠየቃትም የለም። አንድ ቦታ ላይ ያገኘሽው ሰው አብሮሽ ይሄዳል፤ አንቺ ወለል ላይ ስትሆኚ ብቻ ይከተልሻል፣ ጣሪያ ላይ ስትሆኚ ቆሞ ይጠብቅሻል። ጨዋታው ሁለት ሰው የሚሆነው ያኔ ነው፣ እኔም ለራሴ ሳይሆን ለእሱ ፈርቼ የተጫወትኩት ያኔ ነው። ወዲያው ያልቃል። ሠሪው ይሄንን ይዞ ቢቀጥል ምናለበት? ይልቅ እሾህ ጨመረ።

ሲያልቅ ስንቴ እንደሞትሽና የትኛው ክፍል እንደከበደሽ ይነግርሻል። የእኔ 1,146 ነው። ቡና ያፈላችው ልጅ ቁጥሩን አይታ «ስጪኝ እስቲ» ብላ ስልኩን ወሰደች፤ እስክንበታተን አልመለሰችልኝም።