ጆሮ የቆመበት ቦታ

«ፊልም የሚመስል አልበም ልሠራ ነው» ብሎ ወደ ስቱዲዮ የሚመጣ ራፐር አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚመጣው የድምፅ ክምር ነው፦ ዝናብ፣ ሳይረን፣ የጎማ ሲጢጥታ፣ ከኋላ የሚያለቅስ ቫዮሊን። ሥራዬ ሚክስ ማድረግ ነውና መደርደሩ አይከብደኝም። ነገር ግን ፋይሎቹን ከመክፈቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ። ሰሚው የት ነው የቆመው? መኪናው ውስጥ ነው ወይስ ከመንገዱ ማዶ? ከተኳሹ ጎን ነው ወይስ ከወደቀው? ይህ ካልታወቀ ዝናቡ ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በፊልም ካሜራው የሚቆምበትን ቦታ በአልበም የሚተካው ጆሯችን የተቀመጠበት ቦታ ነው፤ እኔ እስከማምነው ድረስ የሙያው ትልቁ ምሥጢርም እዚህ ነው ያለው።

ይህን ከሁሉ አጥርቶ ያሳየኝ የራፐሩ ኬንድሪክ ላማር አልበም «ጉድ ኪድ፣ ማድ ሲቲ» ነው። የወጣው በ2012 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)፤ ሽፋኑም ላይ ራሱን አጭር ፊልም ብሎ ይጠራል። ታሪኩ የሚሆነው በካሊፎርኒያዋ ኮምፕተን ነው። አንድ ለጋ ወጣት የእናቱን ቫን ይዞ አንዲት ልጅ ፍለጋ ይወጣል። በመጀመሪያው ዘፈን መጨረሻ ቤቷ ደጃፍ ሲደርስ ሁለት ሰዎች ቆመው ያያል፤ ወዲያው ስልኩ ይጠራል። ከዚያ የምንሰማው ጠቡን ሳይሆን እናቱ በስልኩ ላይ የተወችውን መልእክት ነው። መኪናዬን መልስልኝ ትላለች፤ አባትየው ደግሞ መሀል እየገባ ስለ ዶሚኖው ይነጫነጫል። እኛ ልጁ ምን እንዳጋጠመው እናውቃለን፣ እናትየው አታውቅም። አንድም የሚያስፈራ ሙዚቃ ሳይገባ ልብ ይሰቀላል።

እዚያ ላይ የተሠራው ቴክኒክ ማንም ሊሠራው የሚችል ነው። የድሮው የስልክ መስመር የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ነው፤ ከዚያ በታችና በላይ ያለውን ቆርጠህ ጥቂት ሻካራነት ስትጨምርበት ተናጋሪው ሩቅ ይሄዳል። እኔ ሪቨርቡንም (የክፍል ማስተጋባቱን) ጨርሶ እዘጋለሁ፤ ትንሽ እንኳ ከቀረ ድምፁ ከስልኩ ወጥቶ ክፍሉ ውስጥ መንሳፈፍ ይጀምራል። ዋናው ግን ማጣሪያው አይደለም። እናትየው በአልበሙ ውስጥ ለምን በስልክ ብቻ እንደምትሰማ ደራሲው ያውቃል። ልጁ ከቤቱ ምን ያህል እንደራቀ የምንለካው በእሷ ድምፅ ነው።

ከ12 ደቂቃ በላይ የሚረዝመው «ሲንግ አባውት ሚ፣ አይም ዳይንግ ኦፍ ተርስት» የሚባለው ዘፈን ለእኔ የዚህ ጥበብ ጫፍ ነው። በመጀመሪያው ቨርስ ኬንድሪክ የሚናገረው በሟች ጓደኛው ወንድም አንደበት ነው። ወንድምየው ስለ ገዛ ሞቱ እየተናገረ፣ ዐረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ጥይት ይቆርጠዋል። ቢቱ ግን አይቆምም፤ አዝማቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ይገባል። በሁለተኛው ቨርስ የምትናገረው ሴት ናት፤ እህቷ ኪሻ በ2011ዱ የኬንድሪክ አልበም «ሴክሽን ኤይቲ» ላይ ታሪኳ የተዘፈነላት ናት። ይህቺኛዋ ደግሞ ተቆጥታለች፤ የእህቴን ጉድ ማን ዝፈን አለህ ነው ነገሯ። ድምፄ አይጠፋም እያለች ስትፎክር ድምጿ ቀስ በቀስ እየሳሳ ይሄዳል፤ ቢቱ ባለበት ከፍታ እንዳለ እሷ ብቻ ትሰምጣለች።

በሚክስ ጠረጴዛ ላይ ሲታይ ሁለቱ በጣም የተለያዩ የእጅ ሥራዎች ናቸው። አንዱ ቅጽበታዊ ቁርጥ ነው፣ ሌላው ደግሞ ዘለግ ያለ የድምፅ ማክሰም። ፊልም አርታኢዎች ዕድሜ ልካቸውን የሚመርጡት ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ነው። ኬንድሪክ አንዱን ለጎዳና ሞት፣ ሌላውን በዝምታ ለሚረሳ ሰው ሰጠው። ስለ ሞት የሚናገር ተራኪ አላስፈለገውም፤ የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያው ፌደር ተናገረለት።

ይህ ጥበብ ለእኛ ጆሮ ባዕድ አይመስለኝም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ሰው ፊታውራሪ መሸሻን በዓይኑ ያላየ መሆኑን ይረሳል። ግን የልብ ወለድ ተራኪ ጊዜ አለው። የራፐር ቨርስ በተለመደው ልክ 16 ባር ነው፣ በእያንዳንዱ ባር አራት ምት፤ በደቂቃ 90 ምት በሚሄድ ዘፈን ያ 43 ሰከንድ ያህል ነው። በ43 ሰከንድ ውስጥ ሰፈር፣ ሰው፣ ጥል አይሳልም። ሁለት ነገር ይመረጣል፣ ሌላው ይተዋል። ራፐሩ ስሊክ ሪክ በ1988 በ«ቺልድረንስ ስቶሪ» አንድ ሙሉ የወንጀል ታሪክ በጥቂት ደቂቃ የጨረሰው ለማብራራት ስላልቆመ ነው።

በዘፈኖች መሀል የሚገባውን ጭውውት፣ ስኪት የሚባለውን፣ በ1989 በራፕ ቡድኑ በደ ላ ሶል አልበም ያስፋፋው ፕሮዲውሰሩ ፕሪንስ ፖል ነው። እሱው በ1999 «ኤ ፕሪንስ አመንግ ቲቭስ» ብሎ ከዳር እስከ ዳር ድራማ የሆነ አልበም ሠራ፤ ራፐሮቹ ገጸ ባሕርይ ተከፋፍለው ተጫወቱለት። ድፍረቱን አከብራለሁ። ሆኖም ፊልም አንዴ ወይም ሁለቴ ይታያል፣ አልበም ግን መቶ ጊዜ ይሰማል፤ በአሥረኛው ላይ ሰሚው ጭውውቱን መዝለል ይጀምራል። ስለዚህ ታሪኩ ስኪቱ ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ አብሮ ይዘለላል። ዘ ሩትስ የተባሉት የራፕ ቡድን በ2011 «አንዳን» በተባለው አልበማቸው ላይ ሌላ መንገድ ሄዱ፦ ሬድፎርድ ስቲቨንስ የተባለ ፈጠራ ሰው ከሞቱ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይተረካል፣ ሸክሙንም ዘፈኖቹ ራሳቸው ተሸከሙት። ዛሬ ሰው ዘፈን በተናጠል እየመረጠ በሚሰማበት ጊዜ ይህኛው የበለጠ የሚያዋጣ ይመስለኛል።

ቅደም ተከተል ላይ ኬንድሪክ ያደረገውንም ማለፍ አልችልም። አልበሙ የሚከፈተው በጋራ በሚጸለይ ጸሎት ነው፤ ማን እንደሚጸልይ፣ ለምን እንደሆነ አይነገረንም። ከብዙ ዘፈን በኋላ፣ ልጁና ጓደኞቹ ጓደኛቸው ተገድሎባቸው ለበቀል ሲነሡ አንዲት አሮጊት ታስቆማቸውና ያንኑ ጸሎት ታስጸልያቸዋለች። የመጀመሪያው ድምፅ ከታሪኩ ጫፍ የመጣ ነበር። መጨረሻ ላይ ደግሞ ካሴት ሲጠቀለል ይሰማል፣ ልጁም እናቱን ቫኑን ልውሰድ ይላታል።

አሁን አብሬው የምሠራው አንድ ወጣት በሰፈሩ ስለሞተች ልጅ የጻፈው ዘፈን አለው። ግጥሙ ጠንካራ ነው፣ በእሷ አንደበት ነው የተጻፈው። ያቺ የተቆጣች እህት ትዝ አለችኝና «እናቷ ሰምታዋለች?» አልኩት። «አልሰማችም፣ ጋሼ» አለኝ። ቀረጻውን አቆምን። ሄዶ አሰማት። እናትየው አልከለከለችም፣ ግን የግቢያቸው በር ቀለምና የልጇ ትምህርት ቤት እንዲወጣ ጠየቀች። ስናወጣው የሁለት ስንኝ ቤት ተበላሸ፤ እሱም ሌሊቱን አዲስ ጻፈ። በአዲሱ ስንኝ ልጅቷ ቤት ውስጥ ሆና የሚሰማት የጎረቤት ሬዲዮ ብቻ ነው። ሬዲዮውን በግራ ድምፅ ማጉያ፣ በግድግዳ በኩል እንደሚሰማ አድርጌ ጠበብ አድርጌዋለሁ፤ ዝናቡን አውጥተነዋል።