የሶለል ክብ በሁለት ማይክ

ከበሮ የምትመታው ልጅ ከመሃል ትንሽ ወደ ቀኝ ናት። አውራጇ ከግራ ትነሳና እየዞረች ትመጣለች፤ ተቀባዮቹ ከዳር እስከ ዳር ቆመዋል። ከመካከላቸው አንዷ፣ ድምፀ ቀጭኗ፣ ሁሌም ከሌሎቹ ቀደም ብላ ትቀበላለች፤ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጥ ሰው የቆመችበትን ቦታ በጣቱ ሊጠቁም ይችላል። ይህን የቀረጸው በቆቦና በአላማጣ መካከል ባለችው ዋጃ፣ በአንድ መኖሪያ ግቢ ውስጥ፣ ሁለት ማይክ ከላፕቶፕ ጋር ያገናኘ ወጣት ነው። ጨዋታው ሶለል ነው፤ የራያ ቆቦ ልጃገረዶች ፍልሰታ ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ የሚጫወቱት።

ሶለል ያለ ክብ አይሆንም። አውራጅና ተቀባይ እየተያዩ፣ አንዷ የሌላዋን ትንፋሽ እየጠበቀች የሚሄድ ነገር ነው። ስቱዲዮ ውስጥ የሚሠሩት አብዛኞቹ የባህል ዘፈኖች ግን ይህን ክብ አያውቁትም፤ ዘፋኟ ለብቻዋ ትቀረጻለች፣ ተቀባዮቹ ለብቻቸው፣ ከበሮው ከኪቦርድ ይወጣል፣ ግራና ቀኙን አቀናባሪው በኋላ ያድላል። ይህም ሙያ ነው፤ አከብረዋለሁ። የዋጃው ቀረጻ ግራና ቀኝ ግን የታደለ ሳይሆን ልጆቹ የቆሙበት ነው።

ድምፅን ከግራና ከቀኝ ለይቶ የመቅረጽ ሐሳብ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምሌን ፓተንቱን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1931 ነበር። ሲኒማ ቤት ተቀምጦ ተዋናዩ በሸራው አንድ ጫፍ ሲታይ ድምፁ ከሌላ ቦታ መምጣቱ ከንክኖት እንደነበር ይነገራል። የእኛ ወጣት የተጠቀመበት አቀማመጥ ደግሞ የፈረንሳይ ሬዲዮ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ ያወጡት ነው፦ በሁለቱ ማይኮች መካከል 17 ሴንቲ ሜትር፣ አፋቸው የሚከፈትበት ማዕዘን 110 ዲግሪ። 17 ሴንቲ ሜትር በሰው ሁለት ጆሮዎች መካከል ካለው ርቀት ጋር ይቀራረባል። ከአንድ ጎን የመጣ ድምፅ ይህን ርቀት ለማቋረጥ ግማሽ ሺሕኛ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ኮምፒውተሩ በሰከንድ 48,000 ጊዜ ድምፁን ሲለካ፣ በግራና በቀኝ መካከል ያለው ልዩነት ቢበዛ 24 ልኬት ገደማ ነው ማለት ነው። አእምሯችን ከዚህች ቅንጣት ልዩነትና ከድምፁ ጉልበት ተነስቶ ልጅቷን ቦታዋ ላይ ያቆማታል።

ለዚህም ነው ወጣቱ መሣሪያ ሲመርጥ ያልተሞኘው። የብዙ ላፕቶፕ የማይክ ቀዳዳ የሚቀበለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ያንኑ ለሁለቱም ጆሮ ይሰጣል፣ ስፋት ግን የለውም። ሁለት የዩኤስቢ ማይክ መሰካትም መፍትሔ አይሆንም፤ እያንዳንዱ የሚሄደው በራሱ ሰዓት ስለሆነ ቀስ በቀስ ይለያያሉ፣ እነዚያ 24 ልኬቶችም ትርጉም ያጣሉ። እሱ ሁለት መግቢያ ያላትን አንዲት ትንሽ ሳውንድ ካርድ ወሰደ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት እኩል የተከፈቱ ቁልፎች፣ ለሁለቱም ማይክ 48 ቮልት። ማይኮቹም አንድ ዓይነት ናቸው። መጀመሪያ በግራ፣ ቀጥሎ በቀኝ አጨብጭቦ ገመዶቹ አለመቀያየራቸውን አየ።

እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ የማይኮቹ አቀማመጥ ነው። ችኩል ሰው ክቡ መሃል ይተክላቸዋል። እነዚህ ማይኮች ግን ፊታቸውን አጥርተው የሚሰሙ፣ ለኋላቸው የሚደነቁሩ ናቸው፤ መሃል ቢሆኑ ከጀርባቸው የምታልፍ ልጅ ሁሉ ድምፅዋ ይሳሳ ነበር። ስለዚህ ከክቡ ውጭ፣ ከልጆቹ ራስ ከፍ አድርጎ አቆማቸው። ከፍታው ከበሮውን ለማለዘብ ነው፤ ከበሮ ከወገብ አካባቢ ይመታል፣ ድምፅ ከአፍ ይወጣል፣ ማይኩ ሲነሳ ለአፍ ይቀርባል። የማይኮቹን ጀርባ ደግሞ ለቤቱ ሰጠ፤ የቆርቆሮ ክዳኑ የሚመልሰው ጩኸት በዚያ በማይሰሙበት በኩል ይቀራል። በአካባቢው ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳም ጠዋትን መረጠ፤ ማይኮቹን ጸጉራም ሽፋን አለበሳቸው።

ከዚያ በኋላ እጁን ሰበሰበ። የድምፁ ጫፍ መሣሪያው ከሚችለው ጣሪያ 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ እንዲል አስተካክሎ ስለነበር፣ እልልታው ሲፈነዳ እንኳ አልተሰነጠቀም። ልጆቹ ሲሞቃቸው፣ ክቡ ሲሰፋና ሲጠብ፣ ምንም አልነካም። በኋላም የማስተጋቢያ ውጤት አልጨመረም፤ የቀደመችውን ቀጭን ድምፅ ከሌሎቹ ጋር አላስተካከለም። የእሷ መቅደም የጨዋታው ነው።

ከስቱዲዮ ውጭ የሚቀረጽ ድምፅ ክብሩን ያገኘው ገና ዛሬ አይደለም። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ አዲስ አበባ ቤታቸው ሆነው በቴፕ የቀዷቸው ዜማዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ሲታተሙ፣ ከመስኮቱ ውጭ ያሉት ወፎች ሳይቀሩ አብረው ወጥተዋል። የዋጃውም ቀረጻ መጨረሻው ላይ ከግራ በኩል የፍየል ድምፅ አለ፤ ባይቆርጠው ደስ ብሎኛል።

ሥራው ያለቀው በስልክ ነው። እዚያ አካባቢ ብዙ ሰው የሚያዳምጠው በአንዲት የስልክ ድምፅ ማጉያ ነው፤ በእሷ ውስጥ ግራና ቀኝ ተደምረው አንድ ይሆናሉ፣ 17 ሴንቲ ሜትር ያራራቃቸው ድምፆችም በከፊል ይጠፋፋሉ። እሱም ሁለቱን ደምሮ አዳመጠ። ከበሮው ትንሽ ደብዘዝ አለ፣ ቃሉ ግን ከነሙሉ ግጥሙ ይሰማል። ለልጆቹ በቴሌግራም የላከው ይህንኑ ነው፤ ሙሉውን የሁለት ማይክ ቅጂ ሳይጨመቅ በሃርድ ዲስክ አስቀምጦታል።