ሸራው ገና ነው፤ ዘይቱስ?

አቡ ዳቢ፣ አል ራሐ ቢች ሕንፃዎች ሥር የሚቆሙት የቆዩ ፈጣን መኪኖች ብዙ አይነዱም። ባለቤቶቻቸው ሳምንቱን በሌላ መኪና ይከርሙና ሲያሰኛቸው ወደ ያስ ማሪና፣ አልፎ አልፎም ወደ አል ዓይን ብቅ ይላሉ። ሙሳፋ ጋራዣችን ሲመጡ ቃላቸው አንድ ነው፤ «ወንድሜ፣ የፍሬን ሸራው ገና ነው፤ መኪናው የትም አልሄደም።»

ሸራውስ እውነትም ገና ነው። ሳይሄድም የሚያረጀው የፍሬን ዘይቱ ነው። ዘይቱ እርጥበት ይስባል፤ የባሕረ ሰላጤው ዳር ደግሞ እርጥበት አይጎድለውም። አዲስ ዶት 4 የፍሬን ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል። 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲገባበት ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ከተማ ውስጥ ይህ አይታወቅም። የሚታወቀው የጀበል ሐፊት ተራራን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወርዱ ነው፦ ዘይቱ ይፈላል፣ እንፋሎት ይሆናል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ዓባይ በረሃን በከባድ ማርሽ የወረደ ሾፌር እንኳ እዚህ አውቶማቲክ ሲይዝ ማርሽ ቀንሶ ፍሬኑን ማሳረፉን ይረሳዋል።

ሸራውም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የብሬምቦ ፍሬን የተገጠመለትን ሱባሩ ኢምፕሬዛ ኤስቲአይ እንውሰድ። ካሊፐሩ ከዲስኩ በሁለቱም ጎን ፒስተን አለው። በቸርኬው ቀዳዳ የውጩን ሸራ አይቶ መፍረድ አይቻልም፤ የውስጡ ፒስተን ዝጎ አልመለስ ካለ የውስጡ ሸራ ብቻውን ያልቃል። አየር ማውጫ ብሎኑም በአንድ ካሊፐር ሁለት ነው። የውጩን ብቻ ከፍቶ የሚዘጋ መካኒክ ግማሽ ሥራ ሠርቷል።

አየር ስናወጣ ከፔዳሉ ሥር ጣውላ አስቀምጣለሁ። የፍሬኑ ማስተር ለዓመታት በአጭር ጉዞ ስለሠራ ከዚያ ወዲያ ያለው ግድግዳ ቆሻሻና ዝገት ይይዛል፤ ፔዳሉ እስከ ወለል ከተረገጠ ጎሚኒው እዚያ ይቦጨቃል። «ረግጠህ ያዝ!» እለዋለሁ ረዳቴን። ብሎኑን ስፈታ ቡና የመሰለ ዘይት ይወጣል። እስክዘጋው እግሩን አያነሳም።

ዲስኩ ላይ ያለው ስስ ብርቱካናማ ዝገት ጥቂት ፍሬን ሲያዝ ይጠፋል፤ አያስጨንቃችሁ። የዲስኩ ውፍረት ግን በማይክሮሜትር፣ ከጠርዙ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይለካ፤ ዝቅተኛው ልክ አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ላይ ተጽፏል። ዘይት ስትቀይሩ ደግሞ ቁጥሩ በለጠ ብላችሁ ዶት 5 እንዳትገዙ። እሱ ሲሊኮን ነው፤ ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም። ዶት 5.1 ግን ሲሊኮን ስላልሆነ ሌላ ነው።

የሐምሌንና የነሐሴን ሙቀት ቆሞ ያሳለፈ መኪና ካላችሁ፣ መካኒኩን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ጠይቁት። ሁለት ዓመት ካለፈው፣ ወይም የሚያውቅ ከሌለ፣ ጀበል ሐፊት ሳትወጡ አስቀይሩት።