«የሳሎኑን መብራት አብራ»፦ የስማርት ቤት የትእዛዝ አብነቶች በአማርኛ ሰዋስው ሲመዘኑ

1. መነሻ

ስማርት ቤት የሚባለው አሠራር አምፖሉን፣ የበር መቆለፊያውን፣ መጋረጃውን፣ ቦይለሩንና የሙቀት ሴንሰሩን በአንድ ማዕከል አገናኝቶ በስልክ ወይም በድምፅ ማዘዝ የሚያስችል ሥርዓት ነው። መሣሪያዎቹን እርስ በርስ የማግባባቱ ሥራ ከቀድሞው በእጅጉ ቀሏል። በ2022 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ማተር የተሰኘው የጋራ ደረጃ የልዩ ልዩ አምራቾች ዕቃዎች በአንድ መረብ እንዲሠሩ መንገድ ከፍቷል። የቀረው ሰውንና ቤቱን ማግባባት ነው፤ ይህ ደግሞ የቋንቋ ጉዳይ ነው።

በእኛ ሙያ እንዲህ ያለው ጉዳይ ሲነሣ ውይይቱ ቶሎ ወደ ስያሜ ያዘነብላል። «ሴንሰር» በአማርኛ ምን ይባል? «አውቶሜሽን»ስ? የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ያዘጋጀው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የዚህ ትውፊት አንዱ ትልቅ ፍሬ ነው፤ ጥቅሙም አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ ስማርት ቤትን በአማርኛ ለማዘዝ እንቅፋቱ ስያሜ አይደለም። «ሴንሰር» «ሴንሰር» እንደ ተባለ ቢቀር ማንም አይቸገርም። እንቅፋቱ ያለው የትእዛዝ አብነቶቹ ስለ ስምና ስለ ግስ ይዘውት በመጡት ግምት ውስጥ ነው። ይህ አጭር ሂሳዊ ጽሑፍ ያንን ግምት ለይቶ ለማሳየት ይሞክራል።

ለማሳያ የተመረጠው ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በክፍት ምንጭ እየተሠራ ያለው ሆም አሲስታንት የተባለው ሶፍትዌር ነው። ምክንያቱ የከፋ መሆኑ ሳይሆን ግልጽ መሆኑ ነው። አዘጋጆቹ 2023 እ.ኤ.አ.ን «የድምፅ ዓመት» ብለው ሰይመው የብዙ ቋንቋዎችን የትእዛዝ ዓረፍተ ነገሮች ማንም ሊያነባቸውና ሊያርማቸው በሚችል ፋይል አስቀምጠዋል። በንግድ ምርቶች ውስጥ የተሰወረው እዚህ ለሥነ ልሳን ባለሙያ ዓይን ክፍት ነው። የሚከተሉት አስተያየቶች በተጋባዥነት በምኖርበት ቤት ላሉ ጥቂት መሣሪያዎች የአማርኛ ዓረፍተ ነገሮችን ስጽፍ ካስተዋልሁት የመነጩ ናቸው።

2. ስም ማኅተም አይደለም

አብነቱ የሚጻፈው እንዲህ ነው፦ ሊቀር የሚችለው ቃል በአራት ማዕዘን ቅንፍ፣ አማራጮች በክብ ቅንፍ፣ የመሣሪያው ወይም የክፍሉ ስም ደግሞ በጥምዝ ቅንፍ ይገባል። ተጠቃሚው መሣሪያውን ሲያስመዘግብ አንድ ስም ይሰጠዋል፤ ያ ስም በየትኛውም ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሳይለወጥ ይታተማል ተብሎ ይገመታል። ለእንግሊዝኛ ግምቱ ትክክል ነው።

በአማርኛ ግን «የሳሎን መብራት» ተብሎ የተመዘገበ ዕቃ በትእዛዝ ውስጥ ሲገባ «የሳሎኑን መብራት አብራ» ይሆናል። እምርነትን የሚያመለክተው «-ኡ» እና የተሳቢው «-ን» በስያሜው መጨረሻ አይጨመሩም፤ ወደ ውስጥ ገብተው በገላጩ ላይ ያርፋሉ። ይህ ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. በታተመው «የአማርኛ ሰዋስው» ከዘረዘሩት የስም ሐረግ ባሕርይ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሩት ክሬመርም በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጽሑፍ የእምርነት አመልካቹን ቦታ የአገባብና የሥነ ምዕላድ መገናኛ ጥያቄ አድርጋ መርምራዋለች። ለእኛ የታወቀ ነገር ነው። ለአብነቱ ግን እንግዳ ነው፤ ከጥምዝ ቅንፉ ውጭ «ን» ብንጨምርለት «የሳሎን መብራትን አብራ» የሚል ይወጣል። ይህን ሰምቶ የሚረዳው ብዙ ነው፤ በቤቱ ውስጥ እንዲህ ብሎ የሚያዘው ግን ጥቂት ነው።

«እንግዲያው በመጀመሪያው ቃል ላይ ይጨመር» የሚል ቀላል መፍትሔም አይሠራም። «የእናቴ ክፍል መብራት» ቢሆን «የእናቴን ክፍል መብራት አጥፋ» እንላለን፤ «የወጥ ቤት መብራት» ቢሆን ግን «የወጥ ቤቱን መብራት አጥፋ» እንጂ «የወጡን ቤት መብራት» አንልም። ሁለቱ ስያሜዎች በቃላት ብዛት እኩል ናቸው። የሚለያቸው የመጀመሪያው የዘርፍ ሐረግ፣ ሁለተኛው ጥምር ስም መሆኑ ነው። የፊደሉን ሰንሰለት ብቻ የሚያይ አብነት ይህን ሊያውቅ አይችልም።

ሶፍትዌሩ ለአንድ መሣሪያ ተለዋጭ ስሞች መስጠትን ይፈቅዳል። ተጠቃሚው «የሳሎኑን መብራት»ን በተለዋጭነት ቢያስመዘግብ ትእዛዙ ይታወቃል። ነገር ግን ይህ ሰዋስውን የመጻፍ ሸክም ወደ ተጠቃሚው ያዞራል፤ ሃያ ዕቃ ያለው ቤት በዕቃው ቁጥር ልክ የተሳቢ ቅርጾችን በእጁ ሊጽፍ ነው።

ከዚህ ጋር የሚነሣው የአጻጻፍ ጉዳይ ነው። «ማዕድ ቤት»፣ «ማእድ ቤት»፣ «ማድ ቤት» ለተናጋሪው አንድ ክፍል ናቸው፤ ለፊደል አነጻጻሪው ሦስት። የድምፅ መለያው አንደኛውን ጽፎ ባለቤቱ ሌላውን አስመዝግቦ ከሆነ መብራቱ አይበራም፤ ምክንያቱንም ባለቤቱ በቀላሉ አይደርስበትም።

3. «ክፈት» እና «ዝጋ»

ከስሙ ይልቅ አደገኛው ግሱ ነው። በሶፍትዌሩ አከፋፈል ብዙ ተግባራት «ተርን ኦን» እና «ተርን ኦፍ» በተባሉ ሁለት የትእዛዝ ዓይነቶች ሥር ይጠቃለላሉ። መብራት ማብራትም መጋረጃ መክፈትም በመጀመሪያው ሥር ነው። የበር መቆለፊያ ሲሆን ደግሞ የመጀመሪያው መቆለፍን፣ ሁለተኛው መክፈትን ይወክላል። ለመሐንዲስ ይህ ንጹሕ አከፋፈል ነው።

አማርኛ በሌላ መሥመር ይከፍለዋል። መብራት ይበራል፣ ይጠፋል። ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ውሃ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ምድጃ ይለኮሳል ወይም ይነድዳል፤ ሞተር ይነሣል። ስለዚህ «ክፈት» ቴሌቪዥን ሲከተለው «ተርን ኦን»፣ የበር መቆለፊያ ሲከተለው «ተርን ኦፍ» ነው። የግሱን አቅጣጫ የሚወስነው ስሙ ነው።

እዚህ ላይ የአንድ ዓረፍተ ነገር ስሕተት ከሰዋስው አልፎ ወደ ደኅንነት ይሻገራል። አብነት ጻፊው «ዝጋ»ን ከቴሌቪዥንና ከመጋረጃ ተነሥቶ በሁሉም ቦታ ከ«ተርን ኦፍ» ጋር ቢያቆራኘው፣ ማታ ከመኝታዋ ሆና «በሩን ዝጊው» ያለች ሴት መቆለፊያው ይከፈትባታል። እርሷ ያለችው ንጹሕ አማርኛ ነው። «መዝጋት» በእኛ አነጋገር ሳንቃውን መግጠምንም መቆለፍንም ያጠቃልላልና። ምንም የቃላት ዝርዝር ይህን አያስቀርም፤ በዝርዝሩ ውስጥ «ዝጋ» ተተርጉሞ ተቀምጧል፣ ትርጉሙም በተናጠል ሲታይ ትክክል ነው።

«መብራት ጠፍቷል» የሚለው መልስም እንዲሁ ነው። «መብራት» አምፖሉም የኤሌክትሪክ ኃይሉም ነው። ቤቱ «መብራት ጠፍቷል» ሲል ትእዛዝህን ፈጽሜያለሁ ማለቱ ይሁን ከዋናው መሥመር ኃይል ተቋርጧል ማለቱ አይለይም። መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት ከተማ ለሚኖር ሰው ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ ከአንደኛው ቀጥሎ መተኛት፣ ከሌላው ቀጥሎ ማቀዝቀዣውን ማሰብ ይመጣል።

ጽሑፉን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ክፍል ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። «ይዘጋል» የሚለው ጽሑፍ «ዘ» እና «ጋ» ላልተው ሲነበቡ የሚዘጋውን፣ ጠብቀው ሲነበቡ የሚዘጋበትን ነገር ባለቤት ያደርጋል። ፊደላችን መጥበቅን ስለማያሳይ ውሳኔው ለአንባቢው የተተወ ነው። አንባቢው ማሽን ሲሆን መወሰኛውን ከእኛ ይጠብቃል።

4. «ከሁለት ሰዓት በኋላ»

የሰዓት አቆጣጠራችን በስድስት ሰዓት እንደሚለይ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ «ማታ በአንድ ሰዓት» ማለት በዲጂታሉ ሰዓት 19፡00 መሆኑን ማስላት ለፕሮግራም ጻፊ ከባድ አይደለም። ከባዱ «ቦይለሩን ከሁለት ሰዓት በኋላ አጥፋው» የሚለው ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተህ ማለት ነው? ወይስ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ማለትም ከ8፡00 ወይም ከ20፡00 ወዲህ? በአማርኛ ቆይታና የሰዓት ነጥብ በአንድ ቅርጽ ይነገራሉ። ስዋሂሊ የሰዓት አቆጣጠሩን ከእኛ ጋር ይጋራል፤ ነገር ግን «ሳ ምቢሊ» (ሁለት ሰዓት ላይ) እና «ማሳ ማዊሊ» (ሁለት ሰዓት ያህል) ብሎ መለየት ይችላል። በቤታችን ይህን የሚለየው የሰሚው ዕውቀት ነው፤ ቦይለሩ መቼ እንደ ተለኮሰ፣ ማን ሊታጠብ እንደ ሆነ።

5. ቤት ሰውን እንዴት ይጥራ?

ሰው ማሽኑን ሲያዝ «አብራ» ወይም «አብሪ» ይላል፤ አብነቱ ሁለቱንም መቀበል አለበት፤ ይህ ቀላል ነው። ማሽኑ ሰውን ሲያናግር ግን ይከብዳል። ከአንድ ማጉያ የሚወጣው ማስታወቂያ በአያት፣ በልጅና በእንግዳ ፊት ይሰማል። አያትን «በሩን ዝጊ» ማለት ነውር ነው፤ የአምስት ዓመት ልጅን «ይዝጉ» ማለት ያስቃል። ሁሉንም «እርስዎ» ማለት የተለመደ መሸሻ ቢሆንም ቤትን እንደ ባንክ መስኮት ያደርገዋል።

አማርኛ ግን ለዚህ የራሱ ሀብት አለው። «በሩ አልተዘጋም» የሚለው መግለጫ ማንንም አይጠራም። «በሩን ልቆልፈው?» የሚለው ጥያቄም የአድማጩን ጾታና ማዕረግ አይነካም፤ ተናጋሪው በአንደኛ መደብ ራሱን ብቻ ያሳያልና። የማሽኑ ንግግር በእነዚህ ቅርጾች ቢታነጽ ትሕትናውን ሳያጣ ከስሕተት ያመልጣል።

6. ከጎረቤት ቋንቋዎች አንጻር

ችግሩ «የአፍሪካ ቋንቋዎች ችግር» ተብሎ በጅምላ እንዳይታይ ንጽጽር ያስፈልጋል። በትግርኛ የመሣሪያው ስም በትእዛዝ ውስጥ ሳይነካ ይቆያል፤ እምርነትንና ተሳቢነትን የሚሸከመው ከፊቱ የሚቆመው «ነቲ» ወይም «ነታ» ነው፤ የሚቀረው ጾታውን ማወቅ ነው። በአፋን ኦሮሞ የስሙ መነሻ ቅርጽ ራሱ የተሳቢ ቅርጽ ስለሆነ ትእዛዙ ያለ ችግር ይገጥማል። ስሙ የሚለወጠው መልሱ ላይ፣ ባለቤት ሲሆን ነው፦ «ኢብሳ» የነበረው «ኢብሳን» ይሆናል። በስዋሂሊ ስሙ በሁለቱም ቦታ አይለወጥም፤ የሚለወጠው የመልሱ ግስ ነው። በር «ምላንጎ ኡሜፉንግዋ»፣ መስኮት «ዲሪሻ ሊሜፉንግዋ» ይባላልና የስሙን ምድብ ማወቅ ግድ ነው።

አራቱ ቋንቋዎች አንዱን አብነት በአራት ልዩ ልዩ ቦታዎች ይሰብሩታል። ስለዚህ ከእንግሊዝኛው በቀጥታ የተተረጎመ ፋይል በአንዳቸውም ሙሉ ሊሆን አይችልም፤ የአንዱም መፍትሔ ለሌላው አይሆንም።

7. ምን ይደረግ?

ትችቱ በሦስት ሐሳቦች ይጠቃለላል። አንደኛ፣ የመሣሪያው መዝገብ አንድ ስም ሳይሆን የስሙን ቅርጾችና ጾታ ሊይዝ ይገባዋል። ቅርጾቹን ማመንጨት የሚችል መሣሪያ አለን፤ ማይክል ጋሰር በ2011 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ሆርንሞርፎ አማርኛን፣ ትግርኛንና አፋን ኦሮሞን ይተነትናል፣ ያመነጫልም። የተጠቃሚው ድርሻ ማጽደቅ ብቻ ይሆናል። የሞክሼ ፊደላት ልዩነትም በማነጻጸሩ ጊዜ ብቻ ቢጠፋ ይበቃል፤ ባለቤቱ የጻፈው ግን እንደ ጻፈው ይታይ።

ሁለተኛ፣ ግሶች ከስሞች ጋር ተጣምረው በሠንጠረዥ ይመዝገቡ፤ የትኛው ዕቃ በየትኛው ግስ እንደሚታዘዝ፣ አቅጣጫውም ወዴት እንደ ሆነ። ይህ ከማንኛውም የስያሜ ዐውደ ጥናት በፊት ሊሠራ የሚገባው ነው፤ ለማስተርስ ተማሪም ተገቢ የመስክ ሥራ ነው። የየአካባቢው አነጋገር እንደሚለያይ እሙን ነውና።

ሦስተኛ፣ መቆለፊያን፣ እሳትንና ሰዓትን በሚመለከት አሻሚ ትእዛዝ ሁሉ ሳይፈጸም በፊት ይጠየቅ፦ «ልቆልፈው?»፣ «ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ላጥፋው?» ብሎ።

የድምፅ መለያው ጥራት ከዚህ ሁሉ አይቀድምም ወይ የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊስፐር አማርኛን ከሚያውቃቸው ቋንቋዎች ቆጥሮታል፤ ውጤቱ ግን በአዘጋጆቹ በራሳቸው ሠንጠረዥ ከደካሞቹ ጎራ ነው። ተቃውሞው እውነትነት አለው። ሆኖም ድምፁን የሚለየው ክፍል በመረጃ ብዛት እየተሻሻለ የሚሄድ ነው፤ «ዝጊው» የሚለውን ቃል አንድም ፊደል ሳይስት ጽፎ በሩን የሚከፍት ቤት ግን በመረጃ ብዛት አይታረምም። እርሱን የሚያርመው ሰዋስው የሚያውቅ ሰው ነው። ፋይሉ ክፍት ነው፤ ቀጣዩ ሥራ የእኛ ነው።