መጽሐፈ ሄኖክ በልዩ ልዩ ጥበባት ሚዛን

ከኢየሩሳሌም ተነሥቶ ወደ ፈለገ ዮርዳኖስ የሚወርድ ተሳላሚ፥ ቁልቁለቱ አልቆ የጨው ባሕር ሲታየው ወደ ግራ ታጥፎ ወደ ኢያሪኮና ወደ መጠመቂያው ያቀናል። በስተ ቀኝ የሚቀረውን ደረቅ ገደል ግን ልብ ሳይለው ያልፋል። ያ ገደል ቁምራን ይባላል። በ1952 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው) አራተኛ ተብሎ በተቈጠረው ዋሻ ውስጥ ከተገኙት የብራና ቅዳጆች መካከል በአረማይክ ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፈ ሄኖክ ተገኘ፤ ቅዳጁ ተለይቶ ሲገጣጠምም የዐሥራ አንድ ጥቅልል ትራፊ መሆኑ ታወቀ። ሆኖም ከእነዚያ ዐሥራ አንዱ አንዱ እንኳ ሙሉ አይደለም። በግሪክ ቋንቋም ቢሆን የተገኘው ክፍል ክፍሉ ብቻ ነው፤ በግብፅ በአኽሚም መቃብር ውስጥ የተገኘውና በ1892 የታተመው የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ ሁለት ምዕራፎች ይዟል፤ ካምቤል ቦነር በ1937 ያሳተመው ደግሞ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ምዕራፎች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፥ ከትጉሃን ታሪክ እስከ መቶ ስምንተኛው ምዕራፍ ድረስ፥ መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የኖረው በግእዝ ብቻ ነው።

በዚህ ምክንያት ይህ አንድ መጽሐፍ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ጥበባት የሚገናኙበት አደባባይ ሆኗል። የሰዋስው ሊቅ፥ የታሪክ ጸሐፊ፥ የከዋክብትን ሐሳብ የሚያውቅ፥ የኬሚስትሪ ባለሙያ፥ የእንስሳትን ዘር የሚመረምር፥ በመጨረሻም ኮምፒዩተር የሚያሠራ፥ ሁሉም በየተራው በየሚዛኑ መዝኖታል። ሚዛኖቹ ሐሰተኞች አይደሉም። ነገር ግን የወርቅ ሚዛን ይዞ እህል ልመዝን የሚል ሊቅ ከመካከላቸው አልታጣም፤ በመጽሐፉ ላይ የተነገሩት ብዙዎቹ ስሕተቶችም የመጡት ከዚህ ነው።

አስቀድሞ የመጡት የቋንቋ ሊቃውንት ናቸው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከኢትዮጵያ ሦስት ቅጂዎች ይዞ በ1773 አውሮጳ ገባ፤ ከዚያም ግማሽ ምእት ያህል ቈይቶ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተረጐመው፥ በ1838ም ግእዙን አሳተመ። ጀርመናዊው አውግስጦስ ዲልማን በ1851 አምስት ብራናዎችን አስተያይቶ የተሻለ ንባብ አወጣ። የዲልማን ድካም በዚህ አያበቃም፤ በ1857 የግእዝን ሰዋስው፥ በ1865 ታላቁን መዝገበ ቃላት የጻፈ እርሱ ነውና። ከርሱ በኋላ ፍሌሚንግ በ1902፥ ቻርልስ በ1906 ብዙ ብራናዎችን ሰብስበው ንባቡን እንደ ገና አሳተሙ።

የብራናው መብዛት ምን እንደሚጠቅም ለማስረዳት አንዲት ፊደል ትበቃለች። በስድሳ ሁለተኛው ምዕራፍ፥ ነገሥታትና ኃያላን በክብር ዙፋን የተቀመጠውን አይተው በሚደነግጡበት ስፍራ፥ ሎረንስና ዲልማን በያዟቸው ብራናዎች «ወልደ ብእሲት» የሚል አገኙ። በኋላ የተሰበሰቡት የቀደሙ ብራናዎች ግን «ወልደ ብእሲ» ይላሉ። ልዩነቱ «ት» ብቻ ናት፤ ትርጓሜው ግን ከሴት የተወለደ በማለትና የሰው ልጅ በማለት መካከል ያለውን ያህል ነው። አንባቢው ቃሉን በቅጽበት ከድንግል መውለድ ጋር ሊያያይዘው ይቸኩላል፤ ምናልባት ከቀድሞ ጸሐፊዎች አንዱም ይህንኑ አስቦ ይሆናል «ት»ን የጨመረ። ቻርልስ የቀደመውን ንባብ መምረጡ ትክክል ነው። ነገር ግን እርሱና ከርሱ በኋላ የመጡት፥ መጽሐፉ በአንድ ስፍራ «ወልደ ሰብእ»፥ በሌላ ስፍራ «ወልደ ብእሲ»፥ በሌላም «ወልደ እጓለ እመሕያው» ማለቱን ሲያዩ፥ ሦስቱም ከአንድ የግሪክ ቃል የተመለሱ ናቸው በማለት ጉዳዩን ቶሎ ዘጉት። ከአንድ ቃል መመለሳቸው የማይቀር ቢሆን እንኳ የግእዙ ተርጓሚ በሦስት የለወጠው ለምንድር ነው? «ወልደ እጓለ እመሕያው» በግእዝ ወንጌል ጌታችን ራሱን የጠራበት ስም ነው፤ ይህን ስም ተርጓሚው የት ላይ እንደ ተጠቀመበትና የት ላይ እንደ ተወው ለሚመረምር ሰው፥ የጥንቱ የኢትዮጵያ ሊቅ መጽሐፉን እንዴት እንዳነበበው የሚያሳይ መስኮት ይከፈትለታል። አውሮጳውያኑ ግእዙን የጠፋውን መጽሐፍ እንደ ያዘ ዕቃ ነበርና የሚያዩት፥ ዕቃውን ሠሪ ሊጠይቁት አልተመለሱም።

ይህ ዐይነቱ ንቀት በግልጥ የታየው የቁምራን ቅዳጅ በታተመ ጊዜ ነው። ፖላንዳዊው ሚሊክ የአረማይኩን ቅዳጅ በ1976 ሲያሳትም ያደረገው ድካም ትልቅ ነው፤ እንደ ጥፍር ያነሱ ቍርጥራጮችን ለይቶ በየምዕራፋቸው ማግኘት በሕይወት ዘመን አንድ ጊዜ የሚገኝ ችሎታ ነው። ነገር ግን የመጽሐፉን ገጽ የሚገልጥ ሰው ከተነበበው ይልቅ በቅንፍ የተሞላው እንደሚበዛ ያያል። ያ በቅንፍ ያለው አረማይክ ከየት መጣ? ከግሪኩና ከግእዙ ወደ ኋላ ተመልሶ የተተረጐመ ነው። እንግዲህ ልጅ አባቱን አበደረ፤ ይሁን እንጂ ብድሩ በሒሳብ ሲጻፍ አልታየም።

ከዚህም የከበደው ሚሊክ ስለ ምሳሌያት የፈረደው ፍርድ ነው። ከሠላሳ ሰባት እስከ ሰባ አንድ ያሉት ምዕራፎች፥ ማለት ስለ ሰው ልጅ የሚናገሩት፥ ከቁምራን ቅዳጅ ውስጥ አልተገኙም። ሚሊክ ከዚህ ተነሥቶ፥ ሌላም ጥቂት ምክንያት አክሎ፥ ይህን ክፍል አንድ ክርስቲያን በ270 ዓመተ ምሕረት ገደማ የጻፈው ነው ብሎ ወሰነ። የፍርዱን ክብደት ማንም ይረዳዋል። ክፍሉ ከጌታ ልደት ቀድሞ ወይም በዚያው ዘመን የተጻፈ ከሆነ፥ ወንጌል የሰው ልጅ የሚለው ስም በአይሁድ ዘንድ ምን ይሰማበት እንደ ነበር የሚመሰክር ሌላ የዚያን ያህል ግልጥ መጽሐፍ የለም። በሦስተኛው ምእት የተጻፈ ከሆነ ግን ወንጌልን ሰምቶ የተናገረ ማሚቶ ይሆናል። ዋሻው ዝም አለ ተብሎ እንዲህ ያለ ነገር አይፈረድም፤ ከዚያው ከቁምራን መጽሐፈ አስቴርም አልተገኘም፥ ስለዚህ ግን አስቴርን ክርስቲያን ጻፈው ያለ የለም። ከሊቃውንቱ ብዙዎቹ፥ እነ ክኒብ፥ እነ ግሪንፊልድና ስቶን፥ ወዲያው ተቃወሙት። በ2005 በኢጣልያ በካማልዶሊ ገዳም የተሰበሰቡት የዚሁ መጽሐፍ ተመራማሪዎችም ክፍሉን ወደ ልደተ ክርስቶስ ዘመን የሚያቀርቡት በዝተው ታይተዋል። ሚሊክ በጥንታዊ ጽሕፈት ንባብ አቻ አልነበረውም፤ የተሳሳተው ባነበበው ሳይሆን ባላነበበው ላይ ነው።

ወደ ከዋክብት ሐሳብ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። ኦቶ ኖይገባወር የሒሳብ ታሪክ ሊቅ ነበር፤ በባቢሎን የሸክላ ጽላቶች ላይ ዕድሜውን ካሳለፈ በኋላ በእርጅናው ወደ ግእዝ ዞረ። በ1979 ስለ ኢትዮጵያ የዘመን አቈጣጠር፥ በ1981 ደግሞ ከሰባ ሁለት እስከ ሰማንያ ሁለት ስላሉት የብርሃናት ምዕራፎች ጻፈ፤ በሁለተኛው መጽሐፍ ስለ አረማይኩ ቅዳጅ ማስታወሻ የጻፈለት ማቲው ብላክ ነው፥ የማያውቀውን ለሚያውቀው መተዉም ያስመሰግነዋል። ሄኖክ ቀንና ሌሊቱን አንድ አድርጎ በዐሥራ ስምንት ይከፍላል፤ ቀኑ እጅግ ሲረዝም ዐሥራ ሁለት እጅ ለቀኑ፥ ስድስት እጅ ለሌሊቱ ይሰጣል። በሰዓት ሲመለስ የ16 ሰዓት ቀን ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቀን በኢየሩሳሌም የለም፤ እዚያ ረጅሙ ቀን ከ14 ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። በአክሱምማ ከ13 ሰዓት አያልፍም። የቋንቋ ሊቅ ብቻ የሆነ ሰው ይህን ሲያይ ጸሐፊው ተሳሳተ ይላል፥ ወይም መጽሐፉ የተጻፈበትን አገር ወደ ሰሜን ያርቃል። ኖይገባወር ግን ቍጥሩን ያውቀዋል፤ አንድ ለሁለት የሚለው ሥርዐት በጥንቱ የባቢሎን ጽላት ላይ ያለ፥ ሰማይን በመመልከት ሳይሆን ለስሌት እንዲመች የተደረገ ነው። 364 ቀን የሆነው ዓመቱም እንዲሁ ነው፤ በሰባት ሲካፈል ያለ ትራፊ ሃምሳ ሁለት ሱባዔ ይሆናል፥ በዓልም በየዓመቱ በዚያው ዕለት ይውላል።

የኖይገባወር ትልቁ ምስጋና ግን ሌላ ነው። ሌሎች አውሮጳውያን የካህናት ቍጥር ብለው የተዉትን የባሕረ ሐሳብ ብራና በሙሉ አክብሮት አነበበ፤ የሄኖክ ኆኅትና የፀሐይ መውጫ መስኮቶች በዚያ ውስጥ ሕያው ሆነው መኖራቸውንም አሳየ። የጐደለው ግን አለ። መጽሐፉን የሐሳብ ድርሳን አድርጎ ስላየው፥ ይህን ሁሉ ለሄኖክ የሚያሳየው መልአኩ ዑራኤል መሆኑ ለእርሱ ከቍም ነገር አልተቈጠረም። ኃጢአተኞች በበዙ ጊዜ ዓመታቱ እንደሚያጥሩ፥ ጨረቃም ሥርዐቷን እንደምትለውጥ የሚናገረው ምዕራፍ ለሒሳብ ሰው ትርፍ ነገር ነው፤ ለመጽሐፉ ግን ቍጥሩ ሁሉ የተነገረው ለዚያ ነው።

የኬሚስትሪና የቆዳ ምርመራ ታሪክ በአጭሩ ሊነገር የሚገባው አንድ ትምህርት ስላለበት ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት በኢየሩሳሌም ቤተ መዘክር ቅዳጁን ይገጣጥሙ የነበሩት ሊቃውንት፥ የጠቈረው ፊደል እንዲነበብላቸው ብራናውን የጕሎ ዘይት ይቀቡት ነበር፤ የተቀደደውንም በሚጣበቅ ግልጥ ወረቀት ያያይዙት ነበር። ንባቡን አገኙ። ከአርባ ዓመት በኋላ ግን የብራናውን ዕድሜ በካርቦን 14 ለመለካት የመጡት ሰዎች ያንን ዘይት አገኙት፤ ዘይቱ የትናንት ተክል ስለ ሆነ ጥንታዊውን ቆዳ ከዕድሜው አሳንሶ ያሳያል። የአንዱ ጥበብ መነጽር ለሌላው ጥበብ ጉም ሆነ። በ2020 ደግሞ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሊቃውንት ከጓደኞቻቸው ጋር የቆዳውን ዲኤንኤ መርምረው፥ አብዛኛው የበግ መሆኑን፥ ከትንቢተ ኤርምያስ ቅዳጅ ግን የላም ቆዳ መገኘቱን አስታወቁ፤ ላም በዚያ ምድረ በዳ ስለማትረባ ያ መጽሐፍ ከሌላ ስፍራ የመጣ መሆኑን ደመደሙ። ድምዳሜው ያማረ ነው። በአገራችን የፍየሉን ብራና ከበጉ በጣቱ ዳስሶ የሚለይ ቁም ጸሐፊ ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር የሚል ጥያቄ ግን ይመጣል፤ የእርሱ ዕውቀት በማንም የምርምር መጽሔት አልተመዘገበምና።

ይህም ወደ መጽሐፉ ቤት ወደ ኢትዮጵያ ያደርሳል። ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ በ15ኛው ምእት በመጽሐፈ ሚላድ ምሳሌያተ ሄኖክን ጠቅሰው ስለ ክርስቶስ ቅድምና ሲከራከሩ፥ በአውሮጳ መጽሐፉን ያየ ሰው አልነበረም። በጣና ደሴት በክብራን ገብርኤል ያለው ብራናም የዚያው ምእት ነው። ማይክል ክኒብ ከኤድዋርድ ኡሌንዶርፍ ጋር በ1978 ንባቡን ሲያሳትም መሠረት ያደረገው በማንቸስተር ያለውን የ18ኛውን ምእት ብራና ነበር፤ አንዱን ብራና ሳይቀይጥ ማተሙና ልዩነቱን በግርጌ መዘርዘሩ ቅን ሥራ ነው፥ መሠረቱ ግን ለጋ ነው። በኢትዮጵያ የተወለደው ኤፍሬም ይስሐቅ በ1983 ባሳተመው ትርጕም የክብራኑን ብራና መከተሉ ይህን አርሟል። ከ1973 ጀምሮ በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኒሶታ ባለው በቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ኅብረት የአድባራትና የገዳማት ብራና በማይክሮፊልም መነሣት ከጀመረ ወዲህም የታወቁት የሄኖክ ቅጂዎች ቍጥር ከመቶ አልፏል። ዳንኤል አሰፋ በ2007 ስለ እንስሳቱ ራእይ በጻፈው መጽሐፍ፥ ራእዩን የጦር ስብከት አድርገው የሚያነቡትን አውሮጳውያን በጥያቄ ፈትኗል፤ የኢትዮጵያ ሊቅ በአውሮጳ ሚዛን ሲመዝን ሚዛኑን ራሱንም የሚመዝንበት ጊዜ መድረሱን ያሳያል። የጉባኤ ቤቱ አንድምታ ግን በእነዚህ ሁሉ መጻሕፍት ግርጌ የሚጠራው እጅግ በጥቂቱ ነው። የሰዋስው ሊቁ ብራና ሲያስተያይ አንዱን ንባብ መርጦ ሌላውን ይጥላል፤ የትርጓሜው መምህር «አንድም» ብሎ ሁለቱንም ይይዛል፥ የማይስማሙበትንም ለተማሪው ያሳያል። አንዱ የጥንቱን ቃል ይፈልጋል፥ ሌላው ቃሉ በሚያነቡት ዘንድ የሆነውን ይጠብቃል፤ ስለ ሦስቱ የሰው ልጅ ስሞች የተነሣው ጥያቄም ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ሳይቀመጡ የሚፈታ አይደለም።

በ2025 በሆላንድ በግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ አንድ የኮምፒዩተር ሥርዐት ተገለጠ፤ ዕድሜያቸው በካርቦን የተለካ ብራናዎችን የፊደል ቅርጽ ተምሮ የሌሎቹን ዘመን ይገምታል። ሠሪዎቹ አስቀድመው የጕሎውን ዘይት በኬሚካል አጥበው አስወግደዋል። ለሥርዐቱ ያወጡለት ስም ሄኖክ ነው። 135 ብራናዎች አቅርበውለት የሰጠውን ዘመን በጥንታዊ ጽሕፈት ሊቃውንት አስመረመሩት፤ ሊቃውንቱ ከመቶው 79ኙን ተቀበሉት፥ የቀረውን ግን ወይ አልተቀበሉትም ወይ አልወሰኑበትም።